የመታጠፊያው መንኩራኩር

በያጁ የደከመው ዛሬ አይደለም፤ ድካሙ የቆየ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ «ዘንድሮ ይብቃኝ» ሲል ኖሯል፤ ዘንድሮ ግን በመጣ ቁጥር ሥራ ይዞ ይመጣል። ቁጭ ብድግ ሲል ጉልበቱ ይንቋቋል። ዓይኑ በብየዳ ብርሃን ተለብልቦ፣ አምፖል ባየ ቁጥር ዙሪያው ቀለበት ይሆንበታል። ወገቡንማ ተዉት። ስድሳ አንድ ሞልቶታል፤ ዕድሜውን የጠየቀውን ሰው ግን «እኔ እንጃ፣ ብረቱን ጠይቀው» ብሎ ይመልሰዋል።

ሱቁ ከዋናው መንገድ ዝቅ ብላ ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። በሯ ከሦስት የተለያዩ መኪኖች ተቆርጦ የተገጣጠመ ላሜራ ነው። አንዱ ወገን ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ዛሬም የሚደውልበት ሞኝ አይጠፋም። ውስጥ ከአውቶቡስ የተነቀለ ወንበር፣ በሽቦ የታሰረ ሬዲዮና ምስማር ላይ የተሰቀለ የብየዳ ማስክ አለ። ሚስቱ «ከእኔ ፊት ይልቅ የዚያን ማስክ ሆድ ያየበት ጊዜ ይበልጣል» ትላለች፤ ሐሰት አይደለም።

በያጁ የሚሠራው በግራ እጁ ነው። ስለዚህ ብየዳው እንደ ሌላው ሰው ከግራ ወደ ቀኝ አይሄድም፤ ከቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ ይሄድና መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ቅልብስ ይላል። እኛ «ጭራዋ» እንላታለን። በከተማችን ብረት የነካ ሰው ሁሉ ያቺን ጭራ ያውቃታል። የትምህርት ቤቱን አጥር፣ የሆስፒታሉን አልጋ፣ የእኔን የግቢ በር ጭምር፣ ብትዳስሱት ታገኟታላችሁ። ሥራውን ሲጨርስ ማስኩን ወደ ግንባሩ ይገፋና «ይዟል፣ ሂድ» ይላል። ሌላ ምርቃት አያውቅም። ይዟል ካለ ደግሞ ይዟል፤ አርባ ዓመት ሙሉ እንዲያ ብለን አምነን ኖረናል።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት የፊዚክስ አስተማሪዋ ወደ ሱቁ መጣች። ቀጭን ናት፣ መነጽር አላት፣ እጅጌዋ ላይ ሁልጊዜ ጠመኔ አይጠፋም። በፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ የሣለችውን ነገር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

«ጋሼ፣ ያንን ቦቴ መንኩራኩር ልናደርገው ነው።»

«የቱን ቦቴ?» አላት። በከተማው ዳር የተጋደመ ቦቴ አንድ ብቻ እንደሆነ እያወቀ ነው እንዲያ ያላት።

«የመታጠፊያውን ነዋ! ማዘጋጃ ቤቱ በመንገድ ዳር የተጣለውን ብረት ሁሉ ቆራርጦ ሊያነሳ ነው። ለመንኳቸው። በአንድ ወር ውስጥ የሚታይ ነገር ካደረጋችሁት ይቀራል አሉን። ተማሪዎቼ ሳተርን ስላቸው ጣሪያ ጣሪያውን ነው የሚያዩት። ሄደው የሚነኩት ነገር እፈልጋለሁ።»

በያጁ ሥዕሉን አየ። ረጅሙ የቦቴ በርሜል የመንኩራኩሯ ሆድ ነው። አፍንጫዋ ሹል፣ ኋላዋ ላይ ሦስት ክንፍ፣ ዙሪያዋን ደግሞ በቧንቧ ላይ የቆሙ ፕላኔቶች። ጥሩ ሥዕል ነው። ግን ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት።

«የኔ ልጅ፣ ጉልበቴ አይችልም።»

ሚስቱ ምሳውን ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበርና «ይችላል!» አለች። «ጉልበቱ የሚያመው ዕቃ አንሳልኝ ስለው ነው። ለብረት ከሆነ ይዘላል። ጻፊው፣ እሺ ብሏል በይ።»

እሺ አላለም። ግን እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል፤ እሱ ያለው ምክንያት ደግሞ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ዓይነት አልነበረም። ዝም አለ። አስተማሪዋም ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጥራ፣ እያመሰገነች ሄደች።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ያ ቦቴ ተሳቢውን አስከትሎ፣ የምግብ ዘይት ጢም ብሎ ተጭኖበት ቁልቁለቱን ሲወርድ መታጠፊያው ላይ ተገለበጠ። ጠራራ ፀሐይ፣ እኩለ ቀን ነው። እውነቱን ልናገርና ሰው ይፈር፤ መጀመሪያ የሮጥነው ወደ ዘይቱ ነው። ያለው በጀሪካን፣ የሌለው በባልዲ፣ አንዷማ የልጇን መታጠቢያ ሳፋ ይዛ መጣች። ከተሳቢው መጎተቻ ብረት ስር አንድ ሰው ከጋቢናው ተወርውሮ፣ እግሩን ተይዞ በጀርባው ተንጋሎ እንዳለ ያወቅነው ቆይተን ነው። ሾፌሩ ነበር። ብረቱ ተነስቶለት እስኪወጣ ሦስት ሰዓት ፈጀ።

ሾፌሩ የበያጁ ሚስት ወንድም ነው። ታናሿ ነው፣ በእጇ ያሳደገችው። ትራፊክ ፖሊሱ አልጋው አጠገብ ቆሞ ምን እንደሆነ ቢጠይቀው «አላውቅም» አለ። ደጋግሞ ጠየቀው። «አላውቅም አልኩህ እኮ» አለው። ፖሊሱም እንግዲህ የማያውቅ ሰው ተኝቶ ነው የሚሆነው ብሎ «አሽከርካሪው በማንቀላፋቱ» ብሎ ጻፈ። መንጃ ፈቃዱ ተወሰደ፣ ሥራው ቀረ፣ ግራ እግሩ እንደተጣመመ ቀረ፣ ሊያገባት የነበረችውም ልጅ ዘመድ ጋ ሄዳ እዚያው ቀረች። ዛፍ ሲወድቅ ምሣር ይበዛበታል፤ ከተማው ደግሞ ስም አወጣለት፤ ሸለብታ። ሕፃን ሳይቀር «ሸለብታ፣ ጎማዬን ለጥፍልኝ» ይለዋል። ምክንያቱም ያ ቦቴ ይነዳ የነበረ ሰው አሁን አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ የብስክሌት ካላማደሪያ ነው የሚለጥፈው።

የሚኖረው በእህቱ ቤት፣ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ነው። እህቱ ታበላዋለች፣ ታጥብለታለች፣ ግን ይቅር አላለችውም። ለቦቴው ባለቤት «ወንድሜ ጨዋ ነው፣ እኔ አለሁ» ብላ ያስቀጠረችው እሷ ነበረቻ። ከዚያ ወዲህ በስሙ ጠርታው አታውቅም። «አንተ ሰውዬ፣ ምግብ ቀርቧል። ሳህኑ ላይ እንዳትተኛ» ትለዋለች። እሱም ቀና ሳይል ይበላል።

አሁን ደግሞ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ያን ዕለት ጠዋት ቦቴው ከመነሳቱ በፊት የተሳቢው መጎተቻ ተሰንጥቆ ነበር፤ በያጁ ነው የበየደው። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ እሱና ሾፌሩ። በያጁ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለራሱ «ብረቱ የተበጠሰው ሲገለበጥ ነው፤ ሲገለበጥ የማይበጠስ ምን አለ?» ሲል ኖሯል። ሊሆን ይችላል። ሄዶ ቢያይ ግን በአንድ ጊዜ ይለየዋል። ለዚህ ነው ያልሄደው። ወደ ላይኛው ሰፈር ሲሄድ እንኳ በመታጠፊያው አያልፍም፤ ዙሪያ ጥምጥም በወንዙ በኩል ይዞራል። «ለጉልበቴ ሜዳው ይሻለኛል» ይላል። በወንዙ በኩል ያለው መንገድ ደግሞ ከላይኛው የባሰ ዳገት ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አስተማሪዋ ጄኔሬተር ከማዘጋጃ ቤት አስፈቅዳ፣ ቀለም ለምና፣ ልጆቹን አሰልፋ ጠበቀችው። በያጁ ሰኞ ጠዋት ማስኩን በብብቱ ይዞ መታጠፊያው ላይ ደረሰ።

ቦቴው ጎኑን ሰጥቶ ተጋድሟል። ጎማውን፣ መብራቱን፣ ወንበሩን፣ መሪውን ሳይቀር ሰው ወስዶታል። ጋቢናው ውስጥ ቁጥቋጦ በቅሎ በመስኮቱ ወጥቷል። ተሳቢው ከኋላ ተጣምሞ ቆሟል፤ መጎተቻው ብረት ከሣሩ ውስጥ ወደ ላይ ቀና ብሏል። በያጁ ወደዚያ አላየም። ሥራውን ከመንኩራኩሯ አፍንጫ ጀመረ።

ሦስት ሳምንት ሠራ። ላሜራ ጠቅልሎ ሹል አፍንጫ ሠራላት። ከተሳቢው ጎን ሦስት ክንፍ ቆረጠ። አሮጌ የውሃ ታንከር ላይ የጭነት መኪና ቸርኬ አጥልቆ ሳተርንን ሠራ፤ አስተማሪዋ «ዘንበል አድርጓት ጋሼ፣ እሷ ቀጥ ብላ አትሄድም» ስትለው «እንደኔ ወገብ ማለት ነው» ብሎ አዘነበላት። ከሁለት የመኪና ድምፅ ማፈኛ ማርሚታ፣ ከጭስ ማውጫ ቱቦና ከተሰበረ የሞተር ሳይክል ቆብ ደግሞ ጠፈርተኛ ሠራ። ጠፈርተኛው አንድ እጁን አንስቶ ለመኪናው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል። የረጅም መንገድ ሾፌሮች ጥሩምባ እየነፉ ማለፍ ጀመሩ። በያጁ ማታ ማታ ሬሳ ሆኖ ነው የሚገባው። ጫማውን እንኳ ሚስቱ ናት የምታወልቅለት። ደክሞት፣ ደስ ብሎትም ነበር፤ እዋሻለሁ እንዴ? ብቻ በየቀኑ አንድ ቦታ ይቀራል። ያንን ቦታ «ነገ» ይለዋል።

በመጨረሻ የቀረው እሱ ብቻ ሆነ። ምረቃው ቅዳሜ ነው፤ ዕለቱ ሐሙስ። አስተማሪዋ መጎተቻውን እያሳየችው «ይሄ መሰላል ይሁን፤ ጠፈርተኛው የሚወርድበት። ዝገቱን አንሱልኝና ብርማ ቀለም እቀባዋለሁ» አለችና ልጆቿን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

በያጁ ሣሩን በእግሩ ረግጦ ተንበረከከ። በብረት ብሩሽ ፈገፈገው። ዝገቱ ተቀረፈና ብየዳው ታየ። ከቀኝ ወደ ግራ የሄደ፣ መጨረሻው ላይ ቅልብስ ያለ። ጭራዋ አልተበጠሰችም። ብረቱም አልተበጠሰም። ብየዳው እንዳለ ሙሉውን ተላቅቆ ወጥቷል። ከስሩ የፋብሪካው አረንጓዴ ቀለም አለ፤ ያኔ እንደነበረው ንጹህ ነው።

ብረት የማያውቅ ሰው ቢያየው ምንም አይለው ይሆናል። ብረት የሚያውቅ ሰው ግን ያለቅሳል። ቀለም ላይ አይበየድም፤ ለማጅ እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው። መጀመሪያ ይፋቃል፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ይፋቃል፣ ከዚያ ነው እሳት የሚነካው። ቀለም ላይ ከበየዱት ከላይ አምሮ ይቀመጣል፤ ጭነት ሲመጣ እንደ ቁስል ቅርፊት ይነሳል።

ያን ጠዋት ትዝ አለው። ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጁ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፣ ሌሊቱን አልጋዋ ሥር ቆሞ ነው ያነጋው። ሾፌሩ ሲመጣ ግራይንደሩን ለማንሳት እንኳ አቅም አልነበረውም። «ቀለሙን አትፍቀውም?» አለው ሾፌሩ። «ጊዜ አለኝ፣ እጠብቅሃለሁ።» በያጁ «ምንም አይልም» አለ። ማስኩን ወደ ታች መለስ አደረገ። ማስክ ደግሞ ክፉ ነገር ነው፤ ከውስጡ ዓይን ይከደን አይከደን ማንም አያይም። እጁ ብቻውን ለምዶታልና ሄደ፤ ከቀኝ ወደ ግራ ሄዶ፣ ቅልብስ አለ። ዓይኑን ሲገልጥ አልቋል። ማስኩን ወደ ግንባሩ ገፋና «ይዟል፣ ሂድ» አለው።

በያጁ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ግራይንደሩ አጠገቡ አለ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ያቺን ጭራ ቢያነሳት አፈር ነው የምትሆነው፣ ማንም ምንም አያውቅም። ግራይንደሩን አነሳ፣ አስቀመጠ። እንደገና አነሳ። ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ስቱኮ በጠበጠና ብየዳው ላይ ለሰነበት፤ በላዩ ብርማ ቀለም ቀባው። አማረ። ወደ ቤቱም ሄደ።

ማታ በምግብ ሰዓት ሚስቱ ወንድሟን «አንተ ሰውዬ፣ ቅዳሜ እንኳ አትመጣም አይደል? የተኛህበትን ቦታ መንኩራኩር ሲያደርጉት እየው እንጂ» አለችው። ሾፌሩ ውሃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። በያጁ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረ።

ዓርብ ጠዋት ወደ መናኸሪያው ሄደ። ሾፌሩ ዱካው ላይ ሆኖ ካላማደሪያ ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋውን ያያል። በያጁ ቆመ፣ አጎነበሰ፣ ዳግም ቆመ።

«ና እስቲ አብረን ወደ መታጠፊያው እንሂድ» አለው። «የማሳይህ ነገር አለ።»

«እዚያ እኔ ያላየሁት ምን አለ?»

«ብቻ ና።»

ሾፌሩ ቀዳዳዋን አገኘና በጣቱ ያዛት። «ሦስት ሰዓት ሙሉ ከስሩ ተንጋልዬ ነበር» አለ። «ብረቱ ከአፍንጫዬ ይህን ያህል ነው የሚርቀው። ሌላ የማየው ነገር አልነበረም። ያንተን ጭራ አላውቃትም እንዴ?»

በያጁ አጠገቡ ያለ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ልጅህ ሆስፒታል ናት። አንተ ብቻ ነህ ሠርተህ የምታገባው። ብየዳው ቦቴ ገለበጠ ከተባለ ማን ነው ከዚያ ወዲያ በሩን የሚያስበይድህ? ትድን ልጅቷ አልኩ። ዳነች፣ እሰይ።» ካላማደሪያውን በጨርቅ አደረቀው። «ከዚያ ደግሞ አንተ ራስህ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩህ። አንድ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ በር ሲንኳኳ እሱ ነው እላለሁ። ሌሊቱን ስጠብቅህ ነው የማነጋው። ተኛ የተባለው ሰውዬ ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት ደከመኝ።»

«አላወቅኩም እኮ! በእናቴ፣ አላወቅኩም።»

«ማወቅ አልፈለግክም» አለው ሾፌሩ፣ ሳይቆጣ። «ይሄ ሌላ ነው። ተነስ በል፣ ጎማው የሰው ነው።»

ምነው በተቆጣው ኖሮ! በያጁ የዚያን ዕለት የሄደው ወደ ቤቱ አይደለም። ወደ መታጠፊያው ወጣና በመፋቂያ ብርማውን ቀለም፣ ቀጥሎ ስቱኮውን፣ አንድ በአንድ ፍቆ አነሳው። ጭራዋ ወጣች። ከስሯም አረንጓዴው ቀለም።

ቅዳሜ ምረቃው ላይ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። የማዘጋጃ ቤቱ የውበት ሃላፊ ክራቫት አድርጎ «በእኛ ያላሰለሰ ክትትል» ብሎ ጀመረ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቦቴው አጠገብ የመኪናውን መስታወት ዘግቶ ሲያልፍ የኖረ ሰው ነው፤ ደፋር መሆን ደግ ነው። መንኩራኩሯ ግን ታምራለች። ፀሐይ ሲያርፍባት ዓይን ትወጋለች። ሃላፊው እየዞረ ሲያደንቅ መጎተቻው ጋ ደረሰና ቆመ።

«ይቺ ተረሳች እንዴ? እዚህ ጋ ቀለም አልተቀባም።»

አስተማሪዋ ደነገጠች። በያጁ ከልጆቹ ኋላ ቆሞ ነበር፤ ወደ ፊት መጣ። ማስኩን በእጁ ይዟል። ንግግር የማያውቅ ሰው ነው።

«አልተረሳም» አለ። «ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ይሄ የኔ ብየዳ ነው። ጭራዋን የምታውቋት ኑና እዩአት። ቀለሙን ሳልፍቅ በላዩ በየድኩበት። አልያዘም። ተሳቢው ተላቅቆ ቦቴውን የገለበጠው በዚህ ነው። የሚስቴ ወንድም አልተኛም። ፍቀው፣ እጠብቅሃለሁ ብሎኝ ነበር። ያን ጠዋት የተኛሁት እኔ ነኝ፣ እዚህ ውስጥ።» ማስኩን ከፍ አደረገና አሳየ። «ይኸው ነው።»

የከተማው አንጋፋ መካኒክ መነጽሩን አውጥቶ አጎነበሰ፣ ጭራዋን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። «የሱ ናት» አለ። ቀና ሲል ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ሃላፊው ምን እንደሚባል ስላላወቀ አጨበጨበ፤ ማንም አልተከተለውም። ከዚያ ከኋላ አንዱ «ኧረ ጎበዝ፣ የኔንም በር እሱ ነው የበየደው፤ ልሂድና ልየው!» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ አምላክ ይቅር ይበለኝ። በያጁ ሳቁን ቆሞ ሰማው።

ሚስቱ አልሳቀችም። ሻሿን ከራሷ ላይ አወለቀች፣ መልሳ አሰረች፣ ማንንም ሳታይ ወደ ቤቷ ሄደች። በጓሮ ካለችው ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ሾፌሩ ከመናኸሪያ ሲመጣ እዚያው አገኛት።

«ወንድምዬ» አለችው። እንባዋ ቀደማት።

ሾፌሩ ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ እንደምንም ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ «ምሳ የለም ማለት ነው?» አላት።

ባሏን ግን ሰባት ቀን አላናገረችውም። ምግቡን አቅርባ ትሄዳለች። በዚያ ሳምንት ሥራ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። አንዳንዱ የግቢውን በር እየነቀነቀ ሲሞክር አይተነዋል። የእኔስ? ነቅንቄው ነበር፤ ይዟል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የጠራው ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ሾፌሩን እንኳ ልጆቹ እስከ ዛሬ ሸለብታ ነው የሚሉት። አፍ አንዴ ከለመደ ምን ታደርገዋለህ? ልዩነቱ፣ አሁን ካሉት በኋላ ያፍራሉ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት በያጁ ሱቁ ውስጥ ባዶ እጁን ተቀምጦ ሳለ የምርኩዝ ድምፅ ሰማ። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሟል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በዚያ በር ገብቶ አያውቅም።

«ያ ጄኔሬተር አለ?» አለው።

«አለ። አልመለስኩትም።»

«ተነስ በላ።»

ጄኔሬተሩን በጋሪ አስጫኑ። እነሱ በእግራቸው ከኋላ ተከተሉት፤ አንዱ በጉልበቱ፣ አንዱ በእግሩ እያነከሱ። ያቺን ዳገት ለመውጣት ሦስት ጊዜ አረፉ። በወንዙ በኩል አልዞሩም። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ሾፌሩ ቆሞ አየ። መንኩራኩሯን አየ፣ ሳተርንን አየ፣ የሁለት ማርሚታ ደረት ያለው ጠፈርተኛ ፊት ቆመ።

«ይሄ ማነው?»

«ጠፈርተኛ ነው። ጨረቃ ላይ የሚሄድ።»

«እግሩ ደህና ነው» አለ ሾፌሩ፣ አለፈና መጎተቻው ጋ ደረሰ። በምርኩዙ ጫፍ ብየዳውን ነካው። «በል በየደው።»

«አሁን ምን ያደርጋል? መኪናው እንደሆነ አይሄድም።»

«በየደው አልኩህ። መጀመሪያ ፍቀው።»

በያጁ ግራይንደሩን አስነሳ። አሮጌው ብየዳ፣ ጭራዋም፣ በአንድ ጊዜ ጠፉ። ከስር አረንጓዴው ቀለም መጣ፤ እሱንም ፋቀው። ብረቱ ነጭ ሆነ። ሾፌሩ «ጨምር» አለው፤ ጨመረ። ሁለቱን ብረት በመዶሻ እየመታ አገጣጠማቸው፣ ማስኩን አወረደ። ሾፌሩ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ጠበቀው። በያጁ በዚያ በደከመ እጁ ቀስ ብሎ ሄደ፤ አንዴ ሄደ፣ ቅርፊቱን አራገፈ፣ በላዩ ዳግም ሄደ። ዓይኑን ለአፍታም አልከደነም፤ እንባ እየሞላው እንኳ አልከደነም። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እጁ እንደ ልማዱ ቅልብስ አለ።

ማስኩን ወደ ግንባሩ ገፋ።

«ይዟል?» አለው ሾፌሩ።

በያጁ አፉን ከፈተ። አርባ ዓመት የለመደው ቃል ምላሱ ላይ መጥቶ ነበር፤ መልሶ ዋጠው።

«አላውቅም» አለ። «ይቀዝቅዝና በመዶሻ እናየዋለን። ይቆያል።»

ሾፌሩ ምርኩዙን አስቀመጠና በመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ጊዜ አለኝ» አለ። «እጠብቅሃለሁ።»